ምትክ ሙሽሮች

ከጥዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሳ ድረስ ዪ ሊም ሃያ ሦስት ጊዜ ሚስት አገባ። ሃያ ሦስቱንም ጊዜ ያገባት ያችው አንዲት ሴት ናት። በየጋብቻው ሦስት ሦስት ስግደት አለ፤ አንዱ ለሰማይና ለምድር፣ አንዱ ለሙሽራው አያቶች፣ አንዱ ሙሽሮቹ እርስ በርሳቸው። ሃያ ሦስት በሦስት ሲባዛ ስልሳ ዘጠኝ ይመጣል። ስልሳ ዘጠኝ ጊዜ ጣውላ ላይ ተንበርክኮ ግንባርን ወለል ማስነካት አንድ ገዳም ሙሉ መነኩሴ ለሁለት ሕማማት ተካፍሎት የሚተርፍ ስግደት ነው። ሊም ግን ብቻውን፣ በባዶ ሆዱ፣ እንደ ምድጃ በሚፋጅ መብራት ሥር፣ በአርባ ስድስት ዓመት ጉልበቱ ነው የሰገደው።

«አሁንም አንድ ጊዜ» ይላል ረዳት አዘጋጁ በድምፅ ማጉያው። «መብራቱ የሙሽሪትን ጉንጭ ስቶታል።»

ጉንጩ የሙሽሪት አልነበረም። የሙሽሪት ጉንጭ እዚያ ማዶ ድንኳን ውስጥ ቢጫ ቀለም እየተቀባ ነው። እዚህ ተንበርክኮ የነበረው ጉንጭ የሱት ፎንግ ነው። ሱት ፎንግ በቻይና ሰፈር አትክልት ተራ ጎመንና ዝንጅብል የምትለቅም የሠላሳ ስምንት ዓመት መበለት ናት። ቁመቷ ከተዋናይቷ ቁመት ጋር እኩል ሆኖ በመገኘቱ ምትክ ተደርጋ መጣች። ምትክ ማለት ተዋንያኑ በጥላ አርፈው ሳለ በእነሱ ቦታ እየቆመ፣ እየተቀመጠ፣ እየተንበረከከ መብራትና ካሜራ የሚስተካከልበት ሰው ነው። ሁሉ ነገር ሲስተካከል ምትኩ ይነሣል፤ ባለቤቱ ይገባል።

ሥፍራው ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብሎ ያለ ደረቅ ኮረብታ ነው። የፊልም ኩባንያው ኮረብታውን እንደ ደረጃ ቆርሶ፣ ውሃ በቧንቧ ስቦ፣ ሩዝና ጎመን ተክሎ አንድ የቻይና መንደር አቁሞበታል። ከፊት ሲያዩት መንደር ነው፤ ከኋላ ሲያዩት በእንጨት የተደገፈ ሳንቃ ነው።

ሊምን እዚያ ያደረሰው ቁመቱ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ ሲተኩስ የኖረ ሰው ነው። የተኮሳቸው ሸሚዞች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ ባሕሩን ተሻግረው ቻይና ያለው የትውልድ መንደሩ ቶይሳን ይደርሳሉ፤ እጅጌያቸውም ይተርፋል። አንድ ቀን ኤድዊን ጁ የሚባለው ደላላ ላውንደሪው በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ለካው። ኤድዊን እዚሁ አሜሪካ የተወለደ፣ ባለሁለት ቀለም ጫማ የሚያደርግ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ሥራው ለፊልም ሰዎች ቻይናዊ ማቅረብ ነው።

«ተነሥ እስቲ» አለው።

ሊም ተነሣ። ከሰፈሩ ወንድ ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ ሳይንጠራራ ያወርዳል ይባልለታል።

«ልክ የተዋናዩን ያህል ነህ። ሥራው ምንም የለውም፤ መቆም ነው።»

«መቆም ብቻ?»

«አልፎ አልፎ መንበርከክ።»

ተዋናዩ ነጭ ነው። የዓይኑን ቆብ በፕላስተር ጎትተው ቻይናዊ ለማድረግ በየጥዋቱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እሱ ነጭ ከሆነ ደግሞ የምታገባው ሴት ነጭ መሆን አለባት፤ ነጭ ወንድ ቻይናዊት ሴት ማግባቱ በአገሩ ሕግ ብቻ ሳይሆን በፊልም መጋረጃ ላይም ክልክል ነው፤ ሰውየው ቻይናዊ መስሎ ቢጫወትም እንኳ። ስለዚህ ሙሽራውም ሙሽሪትም፣ አማትም አማችም፣ የመሬቱ ባላባትም ነጮች ናቸው። ከእናታቸው ሆድ ቻይናዊ ሆነው የወጡት ውሃ ይቀዳሉ፣ ይቆፍራሉ፣ የሙሽራ ወንበር ይሸከማሉ፣ ጎርፍ ሲመጣ ይሸሻሉ። የሚያርሰው ጎሽ ከሸራ የተሠራ ጥላና የራሱ አሳዳሪ አለው። ለፊልሙ የተቀጠሩት አርባ ቻይናውያን ግን ምሳቸውን የሚበሉት የጎሹ ጥላ በሚጥለው ጥላ ጫፍ ላይ ነው።

ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም የተቃናው፣ በአጎቴ ታም ምክንያት ነው።

አጎቴ ታም ሰፈሩ ሁሉ አጎቴ የሚላቸው የሰባ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። በሰፈሩ ሥራ ሥርና ቅጠል ይሸጣሉ፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ወደ አገር ቤት ደብዳቤ ይጽፋሉ። ኤድዊን የመረጣቸው ለጢማቸው ነው፤ የመንደር ሽማግሌ ሆነው ሰርጉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ቃል አይናገሩም። ታዲያ በዚያው ጥዋት፣ ስግደቱ ሳይጀመር፣ ገብተው ሲቀመጡ ከፊታቸው ያለውን የአያቶች ሰሌዳ አዩት። በቻይና ቤት ይህ ሰሌዳ የሙታን መቀመጫ ነው፤ ሙሽሮች የሚሰግዱት ለእሱ ነው። የፊልሙ አናጺዎች ቀይ ሳንቃ ላይ በወርቅ ቀለም ያማረ ጽሕፈት ጽፈውበታል። ጽሕፈቱን የቀዱት ግን ከአንድ ሱቅ ማስታወቂያ ነው፤ «ትኩስ ዓሣ፣ ከነሕይወቱ» ይላል።

አጎቴ ታም ተነሡ። «እዚህ ሥር አልቀመጥም» አሉ።

ረዳት አዘጋጁ የዓሣውን ሳንቃ አስነሥቶ፣ እንደፈለጉ ያሳምሩት ብሎ ሌላ ባዶ ሳንቃና ብሩሽ ሰጣቸው። ሽማግሌው የፊልሙ ቤተሰብ ስሙ ማን እንደሆነ ኤድዊንን ጠየቁት። ኤድዊን ከወረቀቱ ላይ አነበበላቸው። እንዲህ ያለ የዘር ስም በቻይና ምድር ተፈጥሮ አያውቅም።

«የሌለ ዘር አይሰገድለትም» አሉ አጎቴ ታም። ዞር ብለው ሊምን አዩት። «እዚህ የምትንበረከከው አንተ ነህ። ዘርህ ዪ ነው።» ብሩሹን አንሥተው «የዪ ዘር አያቶች ሁሉ መንፈስ መቀመጫ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ያማረ ጽሕፈት በዓለም ላይ የለም፤ አዘጋጁ ራሱ አጨበጨበ። ሊም ሥራ ነው ብሎ ተወው።

ምሳ ላይ ሰው ሁሉ ከየቋጠሮው ቀዝቃዛ ሩዝ ሲያወጣ፣ አጎቴ ታም በትራቸውን ይዘው መጡና ሊምና ሱት ፎንግ በተቀመጡበት መካከል ቆሙ።

«እንግዲህ ደስ ይበላችሁ» አሉ።

«በምኑ አጎቴ?» አለ ሊም፤ ጉልበቱን እያሸ ነበር።

«በጋብቻችሁ ነዋ።»

ማኘክ ያቆመ ሰው ነበር። ሊም ሳቅ አለ። «አጎቴ፣ እኛ እኮ ሥራ ላይ ነን።»

«ሰማይና ምድር ሥራ ላይ መሆንህን በምን ያውቃሉ? ቀይ ሻማ በርቷል። ሙሽሪት ቀይ ለብሳለች። የዘርህ ሰሌዳ ከፊትህ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ተቀምጧል፤ እኔው ነኝ። ሦስቱም ስግደት ተሰግዷል፤ ያውም ሃያ ሦስት ጊዜ። ምን ጎደለ?»

«አውራ ዶሮው ነዋ» አለ ከወዲያ አንድ ሳህን አጣቢ፤ አርባው ሰው በአንድ ጊዜ ሳቀ።

ሊም አልሳቀም። የአውራ ዶሮውን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት እናቱ ከቶይሳን ሚስት አጭቼልሃለሁ ብለው ላኩበት። ሄዶ እንዳያገባ ሥራው አልለቀቀውም፤ ሄዶ ቢመለስም ሚስቱን ይዞ መግባት አይችልም፣ ሕጉ ለነጋዴ እንጂ ለጉልበት ሠራተኛ አይፈቅድም። ባሕር ማዶ ያለ ሙሽራ እንደሚደረግለት ተደረገለት፤ አንገቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ የታሰረ አውራ ዶሮ በእሱ ቦታ ቆሞ፣ ኪም ላን የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከዶሮው ጋር ሰገደች። ሊም አይቷት አያውቅም። ፎቶዋ አለው። በዓመት ሁለት ጊዜ አጎቴ ታም ዘንድ ሄዶ «በሚመጣው ዓመት እመጣለሁ» የሚል ደብዳቤ ያስጽፋል። የሚመጣው ዓመት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መጥቶ ሄዷል።

«መቼም ዶሮው ከአንተ የተሻለ ባል ነው» አለ ሳህን አጣቢው። «ቢያንስ ሰርጉ ላይ ተገኝቷል።»

«ተዉት እንጂ፣ እሱ እኮ አሁን የአዳራሹ ሁሉ አውራ ሆኗል» አለ ሌላው። «ሙሽሪት፣ ምነው አንገትሽን ደፋሽ? ለአማቶችሽ ሻይ አትቀጅም?»

ሱት ፎንግ የሩዝ ሳህኗን ክዳን ገጠመች። «ሻዩን አንተ ቅዳ፤ ሳህን ማጠብ የለመደ እጅ አለህ» አለችው ቀስ ብላ፤ ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ከዚያ ተነሥታ ሊምን፣ «አንድ ጊዜ ይምጡ» አለችው።

ከሳንቃው ኋላ ሄዱ። ከፊት የጎተራ ግድግዳ የሚመስለው ከኋላው ምስማርና የሸረሪት ድር ነው። ሱት ፎንግ አንድ ግንድ ላይ ተቀመጠች፤ ሊም ግን መቀመጥ መነሣትን ያስከትላልና ቆሞ ቀረ።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችው።

«ስለምኑ?»

«የገባዎትን ነገር አያስደግሙኝ። ደክሞኛል።»

ሊም ጥዋቱን አሰበ። ጥዋት ገና ሲጀምሩ አብራው የምትሰግደው ሴት ለእሱ ከመብራቱ ምሰሶ አትለይም ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ሰርግ ላይ ግንባሯ ወለሉ ላይ እንዳለ «ክርንዎን ይሰብስቡ፣ ጥላዎ ስለሚያርፍብኝ ነው የሚያስደግሙን» አለችው። በአሥራ አምስተኛው ሊንበረከክ ሲል ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አራት ቦታ የታጠፈ መሐረብ አገኘ። ዞሮ አያት፤ እሷ ወደ ሰሌዳው ነበር የምታየው። አሜሪካ ከገባ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። በሃያ አራት ዓመት ከጉልበቱ ሥር አንዳች ነገር ያነጠፈለት ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ረዳት አዘጋጁ «አሁንም» ባለ ቁጥር፣ ጉልበቱ እየተረገመ፣ ልቡ ግን ይሁን ይል ጀመር።

«እኔ እንኳ ልቤ» ብሎ ጀመረ።

«ልብዎን አልጠየቅሁም» አለች። «ባሌ ነጋዴ ነበር፤ በነጋዴነቱ አስገባኝ፣ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። በሰፈሩ ውስጥ ለአንዲት ሴት ሰባ ወንድ አለ። ስድስቱን ዓመት ሙሉ ሰባውም ልባቸውን ሲነግሩኝ ነው የኖሩት። አሁን ሽማግሌው በሰው ሁሉ ፊት ተናግረዋል። ጨዋታ ነው ካሉ፣ ተመልሰው ለሽማግሌው ጨዋታ ነው ይበሉ፤ እኔም መበለት ሆኜ እንደመጣሁ እመለሳለሁ፣ አልቀየምም። አይ፣ የምር ነው ካሉ ደግሞ ያችን ሴት ከዶሮው ያፋቷት። ሁለተኛ ሚስት አልሆንም። እዚያም ባል፣ እዚህም ባል መሆን የለም።»

«ጊዜ ቢሰጡኝ...»

«በሚመጣው ዓመት የሚሉት ለእሷ ነው፤ ለእኔ እስከ ማታ ይበቃኛል» አለችና ቀሚሷን አራግፋ ሄደች።

ከምሳ በኋላ አሥራ አራት ጊዜ ተጋቡ። ሠላሳ ሰባት ሞላ። ሊም መሐረቡን በየጊዜው ፈለገው፤ አልነበረም። ጉልበቱ ላይ የቀረው ነገር ቆዳ ይሁን ሱሪ ለይቶ የሚያውቅ ሐኪም አይገኝም። ሱት ፎንግ ስትሰግድ ፊቷ እንደ ተዘጋ በር ነበር፤ እርስ በርስ በሚሰግዱበት በሦስተኛው ግንባራቸው ሊነካካ ሲል ታቆማለች፤ አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት ትተዋለች።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን መብራቱ ተስማማ። ምትኮቹ ውጡ ተባለ። ተዋናዩና ተዋናይቷ ጃንጥላ ተይዞላቸው፣ የፊታቸው ቢጫ እንዳይቀልጥ በማራገቢያ እየተራገበላቸው መጡ። ለጉልበታቸው በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ትራስ ተነጠፈ። ሊም ግድግዳ ተደግፎ ትራሱን አየው፤ ወፍራም ነው።

ያን ጊዜ አጎቴ ታም ከወንበራቸው ተነሡ።

«ይቀመጡ በሏቸው» አለ ረዳት አዘጋጁ።

ሽማግሌው አልተቀመጡም። ሰሌዳው ፊት ሄደው በትራቸውን ተከሉ። «እነዚህ ሁለቱ ለዚህ ሰሌዳ ከሰገዱ የዪ ልጅና የዪ ምራት ሆኑ ማለት ነው» አሉ። «የዪ ሙታን ምን አጠፉ? ይህ ልጅ ዛሬ እዚሁ አግብቷል። በአንድ ወለል፣ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰሌዳ ሁለት ሰርግ አይደረግም።»

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለ ረዳት አዘጋጁ።

«ውሃ ጠምቷቸዋል» አለ ኤድዊን በእንግሊዝኛ።

ውሃ መጣላቸው። ጠጡት፤ ብርጭቆውን መለሱ፤ ካሉበት አልተነቃነቁም።

ኤድዊን ላብ ላብ አለው፤ ጫማው ሳይቀር ያላበው ይመስል ነበር። እየተጣደፈ መጥቶ የሊምን ክንድ ያዘ። «ስማኝ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ዛሬ ካላነሡት ነገ ሌላ ሰፈር ሄደው አርባ ፊሊፒኖ ይዘው ይመጣሉ፤ ለእነሱ ልዩነት የለውም። አርባ ሰው ከሥራ ይወጣል። ዘሩ የአንተ ነው። ሂድና ለሽማግሌው ጨዋታ ነው፣ እንጨት ነው በላቸው። አንተ ካልክ ይቀመጣሉ።»

«እኔ ካልኩ?»

«አንድ ቃል ነው። ጨዋታ ነው፤ በቃ።»

ሊም አዳራሹን አየ። አርባው ሰው፣ ምሳ ላይ የሳቀው ሁሉ፣ ያየዋል። ሳህን አጣቢው ሳይቀር ዓይኑን አልነቀለም፤ አምስት ልጅ ያለው ሰው ነው። ሱት ፎንግ በሩ አጠገብ ቆማለች። ቀዩን የሰርግ ቀሚስ አውልቃ ሰጥታ የገዛ ሰማያዊ ኮቷን ለብሳለች። እሱን አላየችውም፤ እጆቿን ነበር የምታየው።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሊም ለነጭ ሰው የመለሰው መልስ አንድ ነው፤ እሺ፣ ነገ ይደርሳል። አሁንም አፉ ላይ የመጣው እሱው ነበር። ሄደና አጎቴ ታም አጠገብ ቆመ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

«በል ተናገር» አሉት። «ምን ነበር ዛሬ የሠራነው?»

ሊም እጁን ዘርግቶ ሰሌዳውን ከተሰቀለበት አወረደው። እንደሱ ያለ ረጅም ሰው ባይሆን መሰላል ይፈለግ ነበር።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ ረዳት አዘጋጁ። «ያ ዕቃ የማን ነው?»

ኤድዊን አፉን ሊከፍት ሲል ሊም በዚያችው በላውንደሪ እንግሊዝኛው ቀደመው። «የእኔ» አለ። «የቤቴ ነው። የአያቶቼ፣ የእኔና የሚስቴ።»

ረዳት አዘጋጁ ሰዓቱን አየ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ፀሐይ ብቻ ነው የምታስጨንቀው። «ሌላው ሳንቃ የት አለ?» ብሎ ጮኸ። የጥዋቱን ሳንቃ አምጥተው ሰቀሉት። ተዋናዩና ተዋናይቷ በትራሱ ላይ ተንበርክከው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ለትኩስ ዓሣ ከነሕይወቱ ሰገዱ። ሁለት ጊዜ ብቻ ተነሣና በቃ ተባለ። አርባው ቻይናዊ ሳቁ እንዳያመልጠው እጅጌውን ነክሶ ቆመ። አጎቴ ታም ግን ወንበራቸው ላይ ተመልሰው በክብር ተቀምጠው ነበር። «ልጅ ይስጣቸው» አሉ፣ ከልባቸው።

ወደ ሰፈር የሚመልሳቸው አውቶቡስ ሲነሣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሊም ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከአጎቴ ታም ጎን ተቀመጠ። ሱት ፎንግ ከኋላቸው ነች። ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለ።

«አጎቴ፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ።»

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው ወረቀትና ብዕር አወጡ። «እንደ ወትሮው? በሚመጣው ዓመት?»

«አይደለም። እዚህ አግብቻለሁ፣ አትጠብቂኝ ብለው ይጻፉ።»

ብዕሩ ቆመ። «ይህን አልጽፍም» አሉ አጎቴ ታም። «እናትህን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያስታመመች ሴት ናት። ገላቸውን ያጠበች፣ ዓይናቸውን የከደነች፣ መቃብራቸውን በየዓመቱ የምትጠርግ። ደግሞስ ለምን ታባርራታለህ? እሷ እዚያ ትሁን፣ ይህቺ እዚህ። አባቶቻችን ያደረጉት ነው።»

«ወረቀቱን ይስጡኝ» አለች ሱት ፎንግ ከኋላ። ሽማግሌው ሰጧት። ሚሲዮን ቤት ስለተማረች መጻፍ ታውቃለች፤ አውቶቡሱ ቢያንገጫግጫትም ፊደሏ አልተዛነፈም። ኪም ላን ሆይ ብላ ጀመረች። ሊም የነገራትን ጻፈች። አትጠብቂኝ የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ረጅም መንገድ ሄዱ። ብርቱካን የተተከለበትን ሜዳ ሁሉ ጨርሰው ከተማ ሲገቡ እሷ አሁንም ያንን መስመር ታያለች።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቂኝ አልካት» አለችው። ከጥዋት ጀምሮ እርስዎ ስትለው የዋለች ሴት ናት። «አሁን ደግሞ አትጠብቂኝ ልትላት ነው። መቼ ነው የጠየቅካት?»

«ምን ብዬ?»

«ምን እንደምትፈልግ። ቤቱን ትፈልግ እንደሆነ፣ መሬቱን ትፈልግ እንደሆነ፣ ወደ ወገኖቿ መሄድ ትፈልግ እንደሆነ። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ሰው ማግባትም ትፈልግ ይሆናል። ዶሮውን ያጋቧት ሳይጠይቋት ነው። እኔም ሳልጠይቃት ላፋታት?»

ሊም ሰሌዳውን ይዞ ዞረ። «እጠብቃለሁ ካለችስ? ባሌ ነው ካለችስ?»

«እንደዚያ ካለች ሠላሳ ሰባቱም የሥራ ነበር። እኔም ወደ ዝንጅብሌ።»

«መልሱ እስኪመጣ እኮ ሦስት ወር ነው።»

«ሦስት ወር ምን አላት» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ከገላዋ ይልቅ የደከመው ድምፅዋ ነበር። አትጠብቂኝ የሚለውን ሰርዛ ጥያቄውን ጻፈች። የሚያነበው ይመስል ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችው፤ ሊም ማንበብ አይችልም፣ ግን የስሙን ፊደል ያውቃል። ብዕሩን ሰጠችው። «እያወቅክ ፈርም።»

እጁ በካውያ የጠነከረ እጅ ነው፤ ከእሱ እጅ የበረታ እጅ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም የስሙን ሦስት ፊደል ለመጻፍ ሁለት ፌርማታ ፈጀበት። አጎቴ ታም በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር። መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ዞር ሳይሉ፣ «ስለ እናትህ አመሰግናለሁ ብለህ ጨምርበት» አሉ። ሱት ፎንግ ጨመረችበት።

ሰፈር ሲደርሱ ኤድዊን አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ የነገውን ሥራ ያድላል። «ምትኮች፣ ነገ ጥዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ቀብር ነው። ልጅና ምራት ሆናችሁ ትንበረከካላችሁ።»

«ማን ሞተ?» አለች ሱት ፎንግ።

«አማትሽ።»

«ስንት ጊዜ ነው የምናለቅሰው?»

«መብራቱ እስኪስተካከል ነዋ።»

«ነጭ ጨርቅ አምጣ እንግዲህ፤ ሐዘን በነጭ ነው። ጥቁር ይዘህ እንዳትመጣ፤ ሽማግሌው ሌላ ነገር ያመጡብሃል» አለችውና ወረደች።

ሊም ከኋላዋ ወረደ። ደብዳቤውን ለመያዝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

«አንተ ከያዝከው እስከሚመጣው ዓመት ኪስህ ውስጥ ይከርማል። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ እኔ ላስገባው።»

«አብሬሽ ልሂድ?»

ጉልበቱን አየችው። ሱሪው ሁለቱም ጉልበት ላይ ተቀዶ ደም ረግቶበታል። «እዚያ እስክትደርስ ይዘጋል» አለች። «እዚህ ሁን።»

መንገዱን ተሻገረች፤ ሰማያዊ ኮቷ በጎመን ጋሪዎቹ መካከል ገብቶ ጠፋ። አጠገቡ ባዶ የአትክልት ሣጥን ነበር። ሊም ሊቀመጥ አሰበና ተወው፤ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ጉልበቱ እየተቃጠለ፣ እንደቆመ ጠበቃት።